ለፕሬዚዳንቱ ማመልከቻ ብንጽፍ ምን ያደርግልናል?

ባለፈው ሳምንት አንብቤ የጨረስኩት አንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ሕግ በምንወያይበት መድረክ ላይ አንዲት እህት አጭር ጥያቄ አቀረበች። በአራት ቀን ውስጥ 38 መልስ መጣላት። ውይይቱ በጨዋነት ጀመረ፣ መሃል ላይ ተጋጋለ፣ ወደ ሌላ ወሬ ሄዶ ተመለሰ። ሁሉም ሰው ከላይ እስከ ታች እንደማያነበው ስለማውቅ በራሴ አባባል ልተርከው። እኔም ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ። የተሳሳተ በር ሲያንኳኩ ዓመት የሚፈጁ ሰዎች አይቻለሁና ነገሩ ይቆረቁረኛል።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጠያቂዋ አዲስ አበባ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከዓመታት በፊት ከግቢያቸው አንዲት ቁራጭ መሬት ወደ ጎረቤት ተካለለችባቸው። ቢሮ ሄዱ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ይግባኝ አሉ። ሰበር ድረስ ደረሱ፣ አልሆነም። ቤተሰቡ በቃ አለቀ ብሎ ነበር። እናት ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ሲደርስ ልጃቸውን ወረቀት አምጪ አሏት። የሚጻፈው ለፕሬዚዳንቱ ነው። ከሀገር መሪ በላይ ማን አለ፣ አንድ ቃል ቢናገርልኝ መሬቴ ይመለሳል ባይ ናቸው።

ልጅቷ ጻፈችላቸው። ከመላኳ በፊት ግን መድረኩን ጠየቀች፦ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት በሕገ መንግሥቱ መሠረት በትክክል ምን ማድረግ ይችላል? ይህን ማመልከቻ ቢያነበውስ በእጁ ያለ ነገር አለ ወይ? የማመልከቻውን ፎቶም ለጥፋለች። ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ነው። ከግርጌው ግልባጭ የሚል አለ፣ ከሥሩ አምስት መሥሪያ ቤት ተደርድሯል።

መልስ 1፣ 2 እና 3

ሦስቱም በአንድ መስመር ዘጉት። ፕሬዚዳንቱ ምንም ሥልጣን የለውም፣ ሪባን መቁረጥና እንግዳ መቀበል ነው ሥራው፣ ቴምብሩንም አታባክኚ አሏት። ብዙ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ግማሽ እውነት ስለሆነ አልወደውም። ግማሽ እውነት ደግሞ ችግር ላይ ላለ ሰው አይበጅም።

መልስ 4

የሕግ ባለሙያ ነው፣ በአክብሮት ነው የጻፈው። የጠያቂዋን እናት አንቱ እያለ፣ ለእርሳቸው ይነበብላቸው ብሎ አንቀጽ በአንቀጽ ዘረዘረ። አንቀጽ 45 የሀገሪቱ የመንግሥት ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። አንቀጽ 69 ፕሬዚዳንቱን ርዕሰ ብሔር ያደርገዋል። ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን በአንቀጽ 72 የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥም በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ለፕሬዚዳንቱ የቀረው አንቀጽ 71 ላይ ያለው ነው፤ ሰባት ንዑስ አንቀጽ። የሁለቱን ምክር ቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ይከፍታል። የጸደቁ ሕጎችንና ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል። አምባሳደሮችን ይሾማል፣ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ ይቀበላል። ኒሻንና ሽልማት ይሰጣል። ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ ይሰጣል። ይቅርታ ያደርጋል።

ባለሙያው አንድ ነገር አስተውሉ ብሎ ጨመረ። አምባሳደር ሲሾምና ማዕረግ ሲሰጥ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ለብርሃኑ ጁላ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ የሰጡት ፕሬዚዳንቷ ነበሩ፤ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ግን ከራሳቸው ተነስተው ሊሰጡ አይችሉም ነበር። ይቅርታው ላይ ግን አቅራቢነት የሚል ቃል የለም። በሕግ መሠረት ብቻ ነው የሚለው። ይህቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መልስ 5

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ሰው የሚደናገረው ወዶ አይደለም አሉ። በ1980 ዓ.ም. መስከረም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲታወጅ ፕሬዚዳንት የሆነው መንግሥቱ ኃይለማርያም ጦሩንም አስተዳደሩንም በእጁ የያዘ ነበር። ከዚያ በሽግግሩ ዘመን መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት ተባሉ፤ ያን ጊዜም ዋናው ሥልጣን እዚያው ነበር። በ1987 አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲመጣ ለፕሬዚዳንቱ ስሙ ብቻ ቀረ፣ ሥልጣኑ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። በዚያ ላይ የክልሉም ርዕሰ መስተዳድር ፕሬዚዳንት ይባላል። አንዲት የሰባ ዓመት እናት ይህን ሁሉ ከየት ትለይ አሉ። እውነታቸውን ነው።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ ስለማይመርጠው ነው ሥልጣኑ ያነሰው አለ፤ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻውን በድምፅ ብልጫ ይሾመዋል ብሎም ጻፈ። ሰባተኛው አረመው። ዕጩውን የሚያቀርበው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመረጠው ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። ዘመኑ 6 ዓመት ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም። የምክር ቤት አባል ከተመረጠ ወንበሩን ይለቃል። ምሳሌም ሰጠ፤ መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ በ1992 ምርጫ በግል ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ ሰው ነበሩ፤ በ1994 ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ ያንን ወንበር ለቀቁ።

መልስ 8 እስከ 11

እዚህ ላይ ክሩ የስም ዝርዝር ሆነ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ መቶ አለቃ ግርማ፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፣ ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ አሁን ደግሞ ታዬ አጽቀሥላሴ። ሁለቱን ዘመን ሞልተው 12 ዓመት የቆዩት መቶ አለቃ ግርማ ብቻ መሆናቸውን አንዱ አነሳ። ዶክተር ሙላቱ 6 ዓመታቸው ሳይሞላ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ለቀቁ፤ በዚያው ቀን ሣህለወርቅ ተመረጡ። አሥረኛው ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን በወንድ ጾታ እየጠራ ሴት እንዴት ልትመረጥ ቻለች ብሎ ጠየቀ። አሥራ አንደኛዋ በአንቀጽ 7 መለሰችለት፤ በወንድ ጾታ የተደነገገው የሴትንም ያካትታል። ጠያቂው አመስግኖ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

መልስ 12

ይህ መልስ ነው ክሩን ክር ያደረገው። የጻፉት ሰው ልጅ ሆነው ያዩትን ነው የነገሩን። አባታቸው የመሬት ክርክር ነበራቸው። አገር ቤት ያለው ዳኛ ሁሉ ሲያልቅ ስንቃቸውን ቋጥረው ልጃቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ገቡ። ሦስት ሳምንት በግቢው በር ሜዳ ላይ ዋሉ። የጃንሆይ መኪና ቀስ እያለ ሲወጣ አባትየው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ይዘው መሬት ላይ ተደፉ። ልጁ ያስታወሰው የአባቱን ጀርባና የጋቢውን አቧራ ነው። አንድ ባለሥልጣን ወርዶ ወረቀቱን ተቀበለ። ጉዳያቸው ጃንሆይ ራሳቸው በሚፈርዱበት ዙፋን ችሎት ቀረበ። ፈረዱላቸው ወይስ ፈረዱባቸው የሚለውን ሰውዬው አልነገሩንም። ለአባቴ ትልቁ ነገር መሰማቱ ነበር ብቻ አሉ።

እኔ እዚህ ላይ ቆም አልኩ። የጠያቂዋ እናት የሚፈልጉት ፕሬዚዳንት አንቀጽ 71 ላይ ያለውን አይደለም። ዙፋን ችሎትን ነው የሚፈልጉት። ፍርድ ቤት ሁሉ ካበቃ በኋላ አንድ የመጨረሻ ጆሮ አለ ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ያንን በር ሆን ብሎ ነው የዘጋው፤ የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው ብሎ። ርዕሰ ብሔር በፍርድ ላይ ፍርድ አይሰጥም። መዘጋቱም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የአንድን ሰው ርስት ሌላ ሰው በቃሉ ብቻ የሚሰጥበትና የሚነሳበት ሀገር ውስጥ ማንም ተረጋግቶ አይተኛም። ግን ለእነዚያ እናት በሩ ተዘግቷል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ።

መልስ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛው ይህን የፊውዳል ናፍቆት አለው። ከዚያ አልፎ እስካሁን የነበሩትን ፕሬዚዳንቶች በሙሉ አሻንጉሊት ብሎ ጠራ። አሥራ አራተኛው ተቆጣ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ እየተባባለ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንተ ሆነ። ሽማግሌ የአባቱን ታሪክ ሲያወራ አፍህን ያዝ ሁሉ ተባባሉ። የመድረኩ አስተናባሪ ገብቶ ሁለት ጽሑፍ አነሳ፣ ስድብ ይብቃ ብሎ አስጠነቀቀ። እኔም አሻንጉሊት የሚለውን ቃል አልቀበልም። ሕጉ ትንሽ ሥልጣን ሰጥቶት በዚያው የሚወሰን ሰው ሕግ አከበረ እንጂ አሻንጉሊት አልሆነም።

መልስ 15

የመጀመሪያው የኔ መልስ ነው። አንቀጽ 57ን አነሳሁ። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፣ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሕግ የመሻር ሥልጣን የለውም፣ የማቆየት ሥልጣኑም 15 ቀን ብቻ ናት አልኩ።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ከውጭ ሀገር ሦስት ሰው ተከታትሎ ገባ። ከዋሽንግተን የጻፈው አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን መልሶ ሊልክ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ካላሸነፉት ሕጉ እንደሚቀር ነገረን። ከጀርመን የጻፈችው የእነርሱም ፕሬዚዳንት እንደኛ የሥነ ሥርዓት ሰው መሆኑን ካስረዳች በኋላ፣ ሆርስት ኮለር በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሕጎችን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ አልፈርምም ማለቱን ጨመረች። ከእስራኤል የጻፈው ደግሞ እዚያ ክኔሴት ፕሬዚዳንቱን በምስጢር ድምፅ ለአንድ ጊዜ ብቻ ለ7 ዓመት እንደሚመርጠው፣ ከምርጫ በኋላ መንግሥት እንዲመሠርት ለአንድ የፓርላማ አባል ኃላፊነት የሚሰጠውም እርሱ እንደሆነ ነገረን። ይህን ለእሱ ያስረዱት ትምህርት ቤት የተማሩት ልጆቹ ናቸው።

መልስ 19፣ 20 እና 21

አሥራ ዘጠነኛዋ የሕግ ተማሪ ነች። ነጋሪት ጋዜጣ ገልጣ የምታየውን ጻፈች። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፣ አማርኛው በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛው በሌላ ወገን። መጨረሻው ላይ አዲስ አበባ ይልና ቀኑ ይጻፋል፣ ከሥሩ የፕሬዚዳንቱ ስም። በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርምም ሕጉ የሚጸና ከሆነ ያ ስም ለምን አስፈለገ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃያኛው ሲመልስላት አለመፈረምም ንግግር ነው አለ፤ ርዕሰ ብሔሩ ዝም ብሎ 15 ቀን ቢያሳልፍ ሀገሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ ሕሊና እንዳለው ያሳያል። ሃያ አንደኛው ቆረጥ አድርጎ አልተስማማም። ሕጉ የሚጎዳው ሰው በማግስቱ ይጎዳል፣ የፕሬዚዳንቱ ዝምታ አያድነውም አለ። እኔ ከሃያ አንደኛው ጋር ነኝ። ዝምታው ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል። ማመልከቻ ይዞ ለቆመ ሰው ግን ምንም አያደርግለትም።

መልስ 22

ማንም የማያነሳውን አንቀጽ 60 አመጣ። ጣምራ መንግሥት አብላጫውን አጥቶ ሲፈርስ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል፤ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል። እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። አንድ ቀን ግን የዚህ ሰው ሥራ ከመክፈቻ ንግግር በላይ ሊሆን የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 23 እና 24

አንዱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያውጀው ፕሬዚዳንቱ ይመስለኝ ነበር አለ። አይደለም፣ በአንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው የሚያውጀው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ያጸድቀዋል ተባለ። አለፈ።

መልስ 25፣ 26 እና 27

እዚህ ላይ ክሩ ስለ ገደብ ማውራት ጀመረ፤ ከሥልጣን በኋላ ስላለው ገደብ። ሃያ አምስተኛዋ ዶክተር ነጋሶን አነሳች። በ1994 እርሳቸው በወረዱበት ዓመት አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ከኃላፊነት የለቀቀ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ራሱን እንዲያገልል ያዛል፤ ካላገለለ መኖሪያውን፣ መኪናውን፣ አበሉን የመሰለ ጥቅሙ ይቀርበታል። ዶክተር ነጋሶ በ1997 በግላቸው ደምቢዶሎ ላይ ተወዳድረው አሸነፉ፣ ፓርላማ ገቡ። ጥቅማ ጥቅማቸው ተቋረጠ። ኋላም የአንድነት ፓርቲ መሪ ሆኑ። 2011 ሚያዝያ ላይ አረፉ።

ሃያ ስድስተኛው አዋጁን ደገፈ። ርዕሰ ብሔር የሁሉም ነው፤ ነገ እወዳደራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬ ለሁሉም እኩል ሊሆን አይችልም አለ። ሃያ ሰባተኛዋ ተቃወመች፣ ያውም በቁጣ። ሰውዬው በሥልጣን ላይ እያለ ይታገድ፣ ከወረደ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ዜጋ መመረጥ መብቱ ነው፣ መብትን ደግሞ በቤትና በመኪና መለወጥ አይገባም አለች። ሁለቱም በቅንነት ነው የተከራከሩት። እኔ ወደ ሃያ ሰባተኛዋ አደላለሁ። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ሳይሉት ቀሩ፤ ዶክተር ነጋሶ ቤትና መኪናው እንደሚቀርባቸው እያወቁ ነው የተወዳደሩት። ሕጉን የፈለገ ምንም ይበለው፣ ያንን ማድረግ ቀላል አይደለም።

መልስ 28 እና 29

ወሬው ሳተ። ፕሬዚዳንቱ የሚኖረው የትኛው ቤተ መንግሥት ነው የሚል ጥያቄ ተነሳ። መኖሪያው ሆኖ የቆየው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው፣ የድሮው ኢዮቤልዩ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ ላይኛው የምኒልክ ግቢ ነው ተባለ። ከዚያ ስለ መቶ አለቃ ግርማና ስለ ችግኝ ፍቅራቸው፣ ለም ኢትዮጵያ የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ስለመሆናቸው ተወራ። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ከጥያቄው ግን ርቆ ነበር።

መልስ 30

ይህ ሰው መለሰን። አንድ ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ለርዕሰ ብሔሩ ጻፍልኝ ይለኛል አለ። ቀድሞ ዝም ብሎ ይጽፍ ነበር፣ ገንዘቡንም ይቀበል ነበር። አሁን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ነገሩ የፍትሐ ብሔር ነው ወይስ የወንጀል? የቤት፣ የመሬት፣ የሥራ ከሆነ ለፕሬዚዳንቱ አይጽፍም። የአስተዳደር በደል ከሆነ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይመራቸዋል። የሕገ መንግሥት ጥያቄ ካለው የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ እንዳለ ይነግራቸዋል። ታሳሪ ካለ ግን ብዕሩን ያነሳል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሶፍት የተጠቀለለበት ድንጋይ አለ፤ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድ። ሰዎቹ ሲያለቅሱ ሶፍቱን ይፈቱታል አለ። ይህን አንብቤ ስልኬን ለጥቂት ጊዜ አስቀመጥኩት።

መልስ 31 እና 32

ስለ ይቅርታ የተጻፈው ረጅሙ መልስ ነው። ቀድሞ ቃሉን ለየ። ምሕረት የሚሰጠው በአዋጅ ነው፣ ምክር ቤት ነው የሚያወጣው፤ ይቅርታ ደግሞ ለተፈረደበት ሰው ነው፣ የይቅርታ ቦርድ መርምሮ ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። ገደቡንም አስቀመጠ፦ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ለእነርሱ ርዕሰ ብሔሩ ማድረግ የሚችለው ሞት የተፈረደበትን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ማውረድ ብቻ ነው። መቶ አለቃ ግርማ በ2003 ዓ.ም. ሞት የተፈረደባቸውን የደርግ ባለሥልጣናት እንዲሁ አደረጉላቸው፤ የሃይማኖት አባቶች ጠይቀው ነበር።

ከዚያ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 117 ጠቀሰ። ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው የሞት ፍርድ አይፈጸምም። ቀጥሎ 1999ን ወሰደን፣ ሐምሌ። ሐምሌ 13 ቀን የቅንጅት መሪዎች በይቅርታ ተፈቱ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን ክንፈ ገብረመድኅንን በመግደል የተፈረደበት ሰው ተገደለ። በአንድ ክረምት፣ በአንድ ወር፣ የአንድ ሰው ፊርማ። ሥልጣን የለውም ያላችሁ እስቲ ይህን አንብቡ ብሎ ጨረሰ።

ሠላሳ ሁለተኛው ቦርዱና መንግሥት ያላመጡለትን ፕሬዚዳንቱ ከራሱ ይቅር ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ በብርቱ ጠየቀ። ይቅርታ ተደርጎላት ቆይቶ የተነሳባትን፣ በ2003 እንደገና የተፈታችውን ብርቱካን ሚደቅሳንም አስታወሰ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዕሩ የፕሬዚዳንቱ ነው፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት ግን ሌሎች ናቸው።

መልስ 33

ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና፣ ለእናቷ ከመልስ 4 እና ከመልስ 12 አንብባ እንዳሰማቻቸው ነገረችን። እናት የአሥራ ሁለተኛውን ታሪክ ሁለቴ አስነበቧት። ከዚያ ለመናገር አፍራ የነበረውን ነገር አወጣችው። የእናቷ ታናሽ ወንድም ታስሯል፣ ዘጠነኛ ዓመቱ ነው። የፈረደበት የክልል ፍርድ ቤት ነው። ለአጎቷ ይቅርታ መጠየቅ ይቻል ይሆን?

መልስ 34 እና 35

ሁለተኛው የኔ መልስ ይህ ነው። ይቻላል አልኩ፣ ግን ለፌዴራሉ ፕሬዚዳንት አይደለም። ክልሎች የራሳቸው የይቅርታ ሕግና ቦርድ አላቸው፣ ማመልከቻው ወደዚያ ነው የሚሄደው ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ አምስተኛው በትሕትና አረመኝ። የክልል ፍርድ ቤት የፌዴራል ጉዳይንም በውክልና ያያል፤ ስለዚህ የፈረደው ፍርድ ቤት ስም ብቻውን አይበቃም፣ ወንጀሉ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለው ከፍርዱ ግልባጭ ላይ ይታይ አለ። ልክ ነው፤ ቸኩዬ ነበር። የዋሽንግተኑ ሰውም በዚያው ተመልሶ አሜሪካ ውስጥም ፕሬዚዳንቱ ይቅር የሚለው የፌዴራሉን ወንጀል ብቻ ነው፣ የስቴቱን አይነካም ብሎ አገዘን።

መልስ 36 እና 37

ሠላሳ ስድስተኛው ኃይለኛ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን ማመን ነው፣ ንጹሕ ሰው ይቅርታ አይለምንም፣ በ1999 የተከራከርንበት ነው አለ። ሠላሳ ሰባተኛዋ በለሆሳስ መለሰችለት። አጎትየው ንጹሕ ነው ያለ የለም፤ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል፣ እህቱ አርጅተዋል፣ ሳይሞቱ ሊያዩት ይፈልጋሉ። ሠላሳ ስድስተኛው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 38

የመጨረሻው የጠያቂዋ ነው። የመሬቱን ማመልከቻ እናቷ ራሳቸው አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውታል፣ እንዳይላክ ብለዋል። የይቅርታውን አዲስ ማመልከቻ ትናንት ማታ አብረው ጽፈዋል፣ አንድ ገጽ ሙሉ። እናት እየተናገሩ፣ እሷ እየጻፈች። ቅዳሜ አጎቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የፍርዱን ግልባጭ ታያለች። እስከዚያ ድረስ ከላይ ለ የሚለው ፊደል ብቻውን ተጽፏል፤ ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው።